ቤንዚን ስካሪፋየር ለቤት ሣር፦ በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ከሞተሩ በፊት ሆዱን እዩ

ስካሪፋየር ከሣር ሥር የተከማቸውን የሞተ ነገር ጭሮ የሚያወጣ ማሽን ነው። ለእሱ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቢላ ይዛችሁ ወደ ሣሩ ውጡ። ልክ ኬክ እንደሚቆረጠው ሦስት ማዕዘን አድርጋችሁ ጥልቅ ቁረጡና ከነአፈሩ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ከጎኑ ስታዩት ከላይ አረንጓዴ ቅጠል፣ ከታች አፈር፣ በመሃል ደግሞ ቡናማ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ፣ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ የሚመለስ ንጣፍ አለ። የሞተ ግንድና የሞተ ሥር፣ መሬት ለመሬት የሚሳበው የሣሩ ሐረግም ተጨምሮበት ነው። እዚህ ላይ ባጭሩ ገለባው እለዋለሁ። በማስመሪያ ለኩት።

እስከ 1 ሴንቲሜትር ከሆነ ተዉት። ያ መጠን ይጠቅማል። አፈሩን ከፀሐይ ይሸፍናል፣ ሣሩ ሲረገጥም እንዳይጎዳ ይደግፈዋል። ከ1.5 ሴንቲሜትር ካለፈ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውሃው ገለባው ላይ ይቀራል፣ ማዳበሪያውም እንደዚያው፣ ሣሩም ሥሩን ወደ አፈር ከመላክ ይልቅ እዚያው ገለባው ውስጥ መስደድ ይጀምርና ትንሽ ደረቅ ቀን ሲመጣ ወዲያው ይቃጠላል። ማሽን የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ሳይለካ ነው የሚገዛው፣ እና ማሽኑ አንድ ጊዜ ወጥቶ ጥግ ይዞ ይቀራል። ያሳዝናል።

የታጨደ ሣር ሜዳው ላይ ስለምንተው ነው ገለባው የሚከማቸው የሚል ነገር ትሰሙ ይሆናል። አይደለም። የታጨደው ቅጠል አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል። የሚከማቸው ጠንካራው ክፍል ነው፣ ግንዱ፣ ሥሩና ሐረጉ። ስለዚህ የሣራችሁ ዓይነት ትልቅ ነገር ነው። ሰርዶና ኪኩዩ በሐረግ የሚስፋፉ ስለሆኑ ገለባ በደንብ ይሠራሉ። ራይግራስ ደግሞ እንደ ቁጥቋጦ ባለበት የሚበቅል ስለሆነ ብዙም አይሠራም፣ የእሱ ሣር ያለው ሰው ምናልባት ይህን ማሽን ለዓመታት ላይፈልገው ይችላል። ናይትሮጂን ያለበት ማዳበሪያ ማብዛትና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ውሃ ማጠጣትም ገለባውን ያፋጥናል፤ ያንን ልማድ ማስተካከል ምንም ወጪ የለውም።

ለካችሁ፣ ወፍራም ነው አላችሁ። እሺ፣ እንቀጥል።

ምላጭ ነው ወይስ ሽቦ?

የስካሪፋየር አሠራር ቀላል ነው። ከሆዱ ሥር የተጋደመ ዘንግ አለ፣ ዘንጉ ላይ የቆሙ የብረት ምላጮች ተደርድረዋል። ሞተሩ ዘንጉን ሲያሽከረክረው ምላጮቹ ገለባውን እየሰነጠቁ ያወጡታል፣ የአፈሩንም ፊት ትንሽ ጫር ያደርጉታል። ችግሩ በዚሁ ስም ሌላ ማሽንም መሸጡ ነው። ያኛው ምላጭ የለውም፣ እንደ ፀጉር ማበጠሪያ የሚሠሩ የስፕሪንግ ሽቦዎች ናቸው ያሉት። ገለባውን አይቆርጥም፣ ላይ ላዩን ያበጥረዋል። ሽቦው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ስስ ገለባ ላይ፣ ወይም ዋናው ሥራ ካለቀ በኋላ በየወራቱ ለማበጠር ከምላጭ ይሻላል፣ ሣሩን አያቆስልምና። ለዓመታት ያልተነካ 2 ሴንቲሜትር ገለባ ላይ ግን ጊዜያችሁን ነው የሚፈጀው።

ስለዚህ ስሙን አትመኑ። ማሽኑን ገልብጣችሁ፣ ወይም የሆዱን ፎቶ ጠይቃችሁ እዩ። አንዳንዱ ሁለት ዘንግ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ባለ ምላጭ ሌላው ባለ ሽቦ፣ እየቀያየራችሁ የምትሠሩበት። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ እኔ ይህን እመርጣለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ምላጩ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሽቦው ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ማጨጃ ማሽን ላይ የሚገጠም ባለ ስፕሪንግ ምላጭም አለ። ከሁሉም ይረክሳል፣ ለዚህም ነው የሚያጓጓው። ተዉት። ምላጩ የሚሽከረከረው አግድም ስለሆነ ገለባውን ወደ ላይ አይስበውም፣ በዚያ ላይ ስፕሪንጉ መሬት ሲመታ ድንጋጤው በቀጥታ ወደ ማጨጃው ሞተር ዘንግ ነው የሚሄደው። ሁለት መቶ ጊዜ የሚያገለግላችሁን ማጨጃ በዓመት አንዴ ለሚሠራ ነገር አታጋልጡት።

ቤንዚን የግድ ነው?

ሣራችሁ ከ150 ካሬ ሜትር በታች ከሆነ የግድ አይደለም፣ በቃ። ይህን የምለው ቤንዚን ማሽን የምወድ ሰው ሆኜ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የተለመደው የቤት ቤንዚን ማሽን 40 ሴንቲሜትር ስፋት አንድ ጊዜ ይጫራል። 100 ካሬ ሜትር ለመጨረስ 250 ሜትር ትሄዳላችሁ። ጥሩ ሥራ ሁለት ዙር ይጠይቃል፣ ስለዚህ 500 ሜትር። ይህ ምንም አይደለም፣ በኤሌክትሪክ ማሽንም ይሠራል። 400 ካሬ ሜትር ሲሆን ግን 2 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ መስመር ከመስመር ስታደራርቡ የሚጨመረውና መዞሪያው ሳይቆጠር። በ30 ሴንቲሜትር የኤሌክትሪክ ማሽን ከሆነ ወደ 2.7 ኪሎ ሜትር። ያን ሁሉ መንገድ ኬብል እየጎተታችሁ፣ በየዞራችሁበት ኬብሉን ከምላጩ እያራቃችሁ። ቤንዚን ዋጋው የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ጉልበቱ ነው። የቤት ኤሌክትሪክ ማሽን ብዙውን ጊዜ ከ1300 እስከ 1800 ዋት ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት 740 ዋት ገደማ ስለሆነ 1500 ዋት ማለት ሁለት የፈረስ ጉልበት ነው። ቤንዚኑ አምስት ገደማ አለው። ስስ ገለባ ላይ ልዩነቱን አታዩትም። ወፍራም ላይ ግን ኤሌክትሪኩ ያቃስታል፣ ይሞቃል፣ ራሱን ለመጠበቅ ይጠፋል፣ እስኪበርድ ትጠብቃላችሁ። መፍትሔው ምላጩን ከፍ አድርጎ ደጋግሞ መሄድ ነው። ትዕግሥት ያለው ሰው በኤሌክትሪክ ማሽን የማይሠራው የቤት ሣር እምብዛም የለም። ኬብሉ ብቻ ቀጭን አይሁን፤ ረጅምና ቀጭን ኬብል ይሞቃል፣ ሞተሩም የሚገባውን ጉልበት አያገኝም። መሬት ላይ የተዘረጋ ኬብል አጠገብ ምላጭ ስለሚሽከረከር ደግሞ መስመሩ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው።

ባለ ባትሪውስ? ለመያዝ ደስ ይላል፣ ኬብል የለ ጭስ የለ። ግን መጫር ከማጨድ ይልቅ ጉልበት ይበላል፣ ስለዚህ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። የዚያው ኩባንያ ማጨጃና ሁለት ባትሪ ቤታችሁ ካለ፣ ባዶውን ማሽን ብቻ መግዛት ብልህነት ነው። ከባዶ ባትሪውንም ጨምሮ ለመግዛት ግን በጠባብ በጀት አልመክረውም።

የእጅ መጫሪያውን አትናቁት። 30 ወይም 40 ካሬ ሜትር ለሆነች ሣር ጥሩ የብረት ጥርስ ያለው መጫሪያ ይበቃል። ወገብ ይፈትሻል፣ እውነት ነው፣ ግን ምንም አይበላሽበትም። ማሽን ለሚገዛውም ሰው ቢሆን ያስፈልገዋል፣ ዛፍ ሥርና አጥር ዳር ማሽኑ አይደርስማ።

እንግዲህ ከ300 ካሬ ሜትር በላይ ላላችሁ፣ ወይም ሣራችሁ ያነሰ ሆኖ ገለባው በጣም ለወፈረባችሁ፣ ቤንዚን ትክክለኛ ምርጫ ነው። በመሃል ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ማሽኑን የት እንደምታስቀምጡት አስቡ። ኤሌክትሪኩ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ቤንዚኑ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው፤ ደረጃ ካለባችሁ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ የቤንዚን ሽታም ስላለው መኝታ ክፍል አጠገብ አይቀመጥም። ድምፁም ከባድ ነው፣ የጆሮ መከላከያ ሳታደርጉ አትሥሩበት።

ርካሹን ማሽን ስታገላብጡት

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩበት ዋናው ምክንያት እዚህ ጋ ነው። የቤት ስካሪፋየር በዓመት የሚሠራው ጥቂት ሰዓት ነው። በዚህ አጠቃቀም ሞተሩ ተበልቶ አያልቅም፣ ርካሹም ቢሆን። ርካሽ ማሽን የሚሞተው በሌላ ነገር ነው፤ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚደባለቁበት ክፍል) ውስጥ በከረመ ቤንዚን፣ በዘንጉ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት)፣ በተበጠሰ ቺንጋ (ሞተሩን ከዘንጉ ጋር በሚያያይዘው ቀበቶ)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምላጭ ሲያልቅበት ምትክ በመጥፋቱ። ሻጩ ግን የሚያወራችሁ ስለ ፈረስ ጉልበት ብቻ ነው።

የፈረስ ጉልበቱ ቁጥር ላይ ብዙ አትቆዩ። አንዳንዱ አምራች የሚጽፈው ሞተሩ ባዶውን፣ በከፍተኛው ዙር ሲፈተን የሰጠውን ነው። ሣር ላይ ያን አታገኙትም። ሲሲውን አወዳድሩ፣ እሱ የሲሊንደሩ ይዘት በኩቢክ ሴንቲሜትር ስለሆነ ለማጋነን አይመችም። ለ40 ሴንቲሜትር ማሽን ከ150 እስከ 210 ሲሲ ያለው ሁሉ ይበቃል። በ170ና በ210 መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት እኔ ብሆን ለመለዋወጫ ምላጭ አውለዋለሁ።

ስለ ሞተሩ አንድ የምጠይቀው ነገር ቢኖር ዝርያውን ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1983 የጂኤክስ ሞተሮቹን ካወጣ ወዲህ ብዙ ርካሽ አምራቾች የእሱን አሠራር ተከትለው ይሠራሉ። ይህ ለእናንተ ጥሩ ነው፤ ካርቡራቶሩ፣ ካንዴላው፣ የማስነሻ ገመዱ በብዛት ስለሚመረት በቀላሉ ይገኛል። ማንም የማያውቀው ለብቻው የተሠራ ሞተር ግን ትንሽ ፕላስቲክ ስትሰበርበት እንኳ ያስቆማችኋል።

አሁን ወደ ሆዱ።

ዘንጉን በሁለት እጃችሁ ያዙና ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቁት። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የካንዴላው ገመድ ተነቅሎ፣ ጓንት አድርጋችሁ። ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው ልል ነው፣ ወይም ተበልቷል። በእጅ ስታዞሩት ያለ መንገጫገጭ መዞር አለበት። ቀጥሎ ኩሽኔታው ላይ የተጻፈ ቁጥር ካለ እዩ። ለምሳሌ 6203 የሚል ከሆነ በጣም ደስ ይበላችሁ፤ ይህ በዓለም ላይ የተለመደ መለኪያ ነው፣ ውስጡ 17፣ ውጪው 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ኩሽኔታ የሚሸጥ ሁሉ አለው። ቁጥር የሌለው፣ ወይም ከፕላስቲክ ቤቱ ጋር አንድ ላይ ተጣብቆ የተሠራ ከሆነ ግን የማሽኑ አምራች ምሕረት ሥር ናችሁ። በእኔ እምነት ይህች አንዲት ቁጥር ከፈረስ ጉልበቱ በላይ ስለ ማሽኑ ዕድሜ ትናገራለች።

ምላጮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ቋሚው ዘንጉ ላይ ተጣብቆ ወይም ጠብቆ የታሰረ ነው፣ ንጹሕ ስንጥቅ ይሠራል፣ ወፍራም ገለባ አይበግረውም። ድንጋይ ሲመታ ግን ይታጠፋል፣ ድንጋጤውም ወደ ኩሽኔታው ይሄዳል። ተንጠልጣዩ ደግሞ ፒን ላይ የተሰካ ነው፣ ሲሽከረከር ይዘረጋል፣ ድንጋይ ሲመታ ወደ ኋላ እጥፍ ብሎ ያልፋል። ድንጋይ ለሚበዛበትና ወጣ ገባ ለሆነ መሬት ይህ ይሻላል። ጉዳቱ ፒኑና ቀዳዳው እየሰፋ መሄዱ ነው፣ ሲያረጅ ይንኳኳል፣ አቆራረጡም ይደክማል። የእናንተን መሬት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ቢላውን ስትሰኩ ጠጠር ከመታችሁ ተንጠልጣዩን ውሰዱ። በሁለቱም ዓይነት ምላጩ ተገልብጦ በሌላኛው ወገን የሚሠራ ከሆነ ዕድሜው እጥፍ ሆነ ማለት ነው፣ ይህን ጠይቁ። የምላጩ ቅርጽ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ከሆነ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል።

ጥልቀት ማስተካከያው አንድ ማንሻ ቢሆን ይመረጣል፣ ቆማችሁ የምትቀይሩት። ርካሾቹ ላይ ግራና ቀኝ ለየብቻ ብሎን የሚፈታባቸው አሉ፣ እና አንዱ ከሌላው በ3 ሚሊ ሜትር ከተለያየ ማሽኑ አንድ ጎን ይቆፍራል አንድ ጎን ይዘለላል። የማንሻው ደረጃ በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው፣ ከመሬት 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ከማለት ጀምሮ እስከ 10 ወይም 15 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚል የተለመደ ነው። ያንን የመጨረሻውን ጥልቀት አዲስ ማሽን ላይ አትጠቀሙበትም፤ ምላጩ እያለቀ ሲያጥር ነው የሚያስፈልጋችሁ። ሌላው፣ ምላጩን አንስቶ በጎማው ብቻ የሚገፋበት ቦታ ሊኖረው ይገባል፣ አለበለዚያ ኮንክሪቱን ስታቋርጡ ምላጩን ትሞርዱታላችሁ።

ዘንጉ እንዴት እንደሚነሳም ተመልከቱ። ቺንጋውን የሚወጥር ማንሻ ያለው ማሽን ላይ ሞተሩ ይነሳል፣ ምላጩ ቆሞ ይጠብቃል፣ ማንሻውን ስትይዙ ይሽከረከራል፣ ስትለቁ ይቆማል። ሞተሩ ሲነሳ ምላጩም አብሮ የሚነሳውን እኔ አልገዛም። ለማስነሳት ይከብዳል፣ ከዚያ በላይ አደገኛ ነው።

ስፋቱ 40 ሴንቲሜትር ይሁን ወይም 38፣ አትጨነቁበት። ከ45 በላይ ግን አትሂዱ። ሰፊ ዘንግ ወጣ ገባ መሬት ላይ ጉብታውን ልጦ ጉድጓዱን ሳይነካ ያልፋል። በሩን መለካትም አትርሱ።

ሣር መሰብሰቢያ ከረጢቱ የማስታወቂያው ጌጥ ነው። 40 ወይም 45 ሊትር ይይዛል ይላል፣ ወፍራም ገለባ ላይ ግን ጥቂት ሜትር ሳትሄዱ ይሞላል፣ በየደቂቃው እየቆማችሁ ትደፋላችሁ። ከረጢት የሌለው ካገኛችሁና ርካሽ ከሆነ ውሰዱት። ገለባውን መሬት ላይ ጥላችሁ በመጫሪያ ወይም በማጨጃው ሰብስቡት። የሚወጣው ብዛት ያስደነግጣችኋል፣ ከምትገምቱት ሦስት እጥፍ ነው ብላችሁ ቦታ አዘጋጁ።

የሆዱ ሽፋን ላሜራ ነው ወይስ ፕላስቲክ? ለቤንዚን ማሽን ላሜራ ይሁን። ምላጩ ጠጠር ሲወረውር ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ላሜራው ቢበሳ ይበየዳል።

አዲስ ርካሽ፣ ያገለገለ ጥሩ፣ ወይስ ኪራይ?

አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ተከራዩ። ብዙ ዓመት ያልተነካ ሣር ተረክባችሁ ለማዳን ከሆነ በተለይ። የኪራይ ማሽኖች የባለሙያ ስለሆኑ 60 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናሉ፣ ያ ክብደት ምላጩን ገለባው ውስጥ ይይዘዋል። ግን በዚያው ክብደት ምክንያት ስሕተትም ይከብዳል። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ስከራይ ጥልቀቱን ሳልፈትሽ ቀጥታ መካከለኛው ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ሳውቀው ግማሹን ሣር ከነሥሩ ነቅዬው ነበር። ተመልሶ እስኪያገግም ሁለት ወር ተኩል ፈጀ። አከራዩ ማሽኑን ሲያስረክበኝ ምላጩ አዲስ መሆኑን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስለዚህ ጠይቁ።

ሁለትና ሦስት ጎረቤት ሆኖ መግዛት ከሁሉም የተሻለ ሐሳብ ነው ብዬ አምናለሁ። ማሽኑ በዓመት 360 ቀን ቆሞ ነው የሚውለው እኮ። ለሦስት ሲካፈል ከርካሹ ወጥታችሁ መካከለኛውን ትገዛላችሁ። ብቻ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ፣ የት ይቀመጣል፣ ምላጭ ሲያልቅ ማን ይገዛል፣ ቤንዚኑን ማን ይደፋል። የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፣ የጋራ ማሽን ግን በብዛት የሚበላሸው በእሷ ነው።

ያገለገለን በተመለከተ፣ ያው በዓመት ጥቂት ሰዓት ስለሚሠራ አምስት ዓመት የቆየ ማሽን ሞተሩ ገና ልጅ ሊሆን ይችላል። በአዲሱ ርካሽ ዋጋ ያገለገለ ጥሩ ማሽን ከተገኘ እኔ ያገለገለውን ነው የምወስደው። ለማየት ስትሄዱ መጀመሪያ ሞተሩን በእጅ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ባለቤቱ ቀድሞ አስነስቶታል፣ ማለትም ብርድ ላይ የማይነሳ ሊሆን ይችላል። እስኪበርድ ጠብቁ፣ ወይም በሌላ ቀን ተመለሱ። ገመዱን ቀስ ብላችሁ ስትስቡ መሃል ላይ ጠንከር ያለ ግፊት ሊሰማችሁ ይገባል፣ ዝም ብሎ ከተሳበ ሲሊንደሩ አየር ያፈስሳል። ሲነሳ የሚወጣውን ጭስ እዩ፤ ሰማያዊ ሆኖ ከቀጠለ ዘይት እያቃጠለ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቶበታል፣ ይህኛው ብዙ ጊዜ የካርቡራቶር ወይም የአየር ፊልትሮ ነገር ስለሆነ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል። የቤንዚን ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍታችሁ አሽትቱ። የከረመ ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ይሸታል። ከሸተተ ካርቡራቶሩ ማጽዳት እንደሚፈልግ ቁጠሩት።

ከዚያ ዘንጉን ንቅነቃ፣ ከላይ እንዳልኩት። ምላጭ የጎደለበት ዘንግ ካያችሁ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ምን ያህል ጊዜ እንዲያ እንደሠራ ስለማታውቁ ኩሽኔታውንም አብራችሁ ለመቀየር ተዘጋጁ።

አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ይዛችሁ ምላጭና ቺንጋ ፈልጉ። ካገኛችሁ ግዙ። ካላገኛችሁ፣ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ቺንጋው ወይም ምላጩ ያለቀ ዕለት ብረት ነው የሚሆነው።

ቤት ከገባ በኋላ

አዲስ ማሽን ብዙውን ጊዜ ያለ ዘይት ነው የሚመጣው። ሣጥኑ ላይ ተጽፏል፣ ማንም አያነብም፣ ያለ ዘይት የተነሳ ሞተር ደግሞ ደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል፣ ማለትም ብረት ከብረት ተጣብቆ ይቀራል። ዋስትናም አይሸፍነውም። ኤስኤኢ 30 ወይም 10ደብሊው-30 ዘይት በለኪያው ልክ ሙሉ። ባለ አራት ምት ሞተር ስለሆነ ዘይት ከቤንዚን ጋር አይደባለቅም። የመጀመሪያውን ዘይት ከ5 ሰዓት ሥራ በኋላ ቀይሩ፣ ብረቱ ሲለማመድ የሚረግፈው ብናኝ አብሮ እንዲወጣ። ለማጽዳት ማሽኑን ስታጋድሉት የአየር ፊልትሮው ወደ ላይ ይሁን፣ ወደ ታች ከሆነ ዘይቱ ገብቶበት ሞተሩ አይነሳም።

ወቅቱን በሣሩ ምረጡ። ሰርዶና ኪኩዩን የመሳሰሉ ሙቀት ወዳድ ሣሮች ሙቀቱ ሲጀምርና በደንብ ሲያድጉ ይጫራሉ። ቀዝቃዛ አየር የሚወዱት ሙቀቱ አልፎ አየሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ ወይም ብርዱ አልፎ በደንብ ሲያድጉ። ነጥቡ ሣሩ ቁስሉን የሚሸፍንበት ጉልበት ያለው ጊዜ መሆኑ ነው። በድርቅና በከባድ ፀሐይ አትንኩት፣ ዓመት ያልሞላውን አዲስ ሣርም እንዲሁ። ወደ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር አጭዳችሁ፣ አፈሩ እርጥበት ኖሮት ጭቃ ሳይሆን ጀምሩ።

ምላጩን መጀመሪያ መሬት እስከማይነካ ድረስ አንሱት። ሁለት ሜትር ሂዱና እዩ። ትንሽ ዝቅ፣ እንደገና ሁለት ሜትር። ገለባው እየወጣ፣ አፈሩ ላይ ቀጭን መስመር ብቻ ሲታይ እዚያ አቁሙ፣ አፈር ውስጥ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ምላጩ መሬት ሲይዝ ማሽኑ ወደፊት ይጎትታችኋል፣ ያዝ አድርጋችሁ አረማመዱን እናንተ ወስኑ። አንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ ምላጩ እንዲሽከረከር አታድርጉ፣ ጉድጓድ ይቆፍራል። ሁለተኛውን ዙር ከመጀመሪያው ትንሽ ሰያፍ አድርጋችሁ ሂዱ፤ ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ መስመር ሣሩን በትንንሽ አራት ማዕዘን ቆርጦ ያነሳዋል።

ሲያልቅ ሣሩ የታመመ ይመስላል። ቡናማ፣ የተነጨ። አትደንግጡ። ጥርግ አድርጋችሁ የሳሳው ቦታ ላይ ዘር በትኑ፣ ቀለል ያለ ማዳበሪያ ስጡት፣ ውሃ አጠጡ፣ ጥቂት ሳምንት ታገሡት።

ማሽኑን የምታስቀምጡበት ቀን ከምትሠሩበት ቀን እኩል ዋጋ አለው። ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ ሲከርም መበላሸት ይጀምራል፣ ኤታኖል ያለበት ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ የካርቡራቶሩን ቀጭን ቀዳዳ የሚደፍነው ሙጫ የሚመጣው ከዚያ ነው። ማጠራቀሚያውን አጉድሉ፣ ከዚያ ካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ሞተሩን ውጭ አስነስታችሁ ራሱ እንዲጠፋ ተዉት። ዝግ ክፍል ውስጥ አታስነሱት፣ ጭሱ ይገድላል። የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ፣ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን ሣር ፍቱ፣ ኩሽኔታው ጥግ የገባውንም ጭምር፣ ምላጮቹን ቀለል ያለ ዘይት ቀቡ። የቺንጋውንና የኩሽኔታውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ እጀታው ላይ በፕላስተር ለጥፉት፣ በሚቀጥለው ዓመት ቺንጋው ሲበጠስ ቁጥሩም አብሮ ተፍቆ ይጠብቃችኋልና።